መጽሐፍም ቻርጅ ይደረግ ጀመር

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። የዘንድሮው ጉድ ቤቴ የገባው በመንገደኛ ሻንጣ፣ በሁለት ካልሲ ተጠቅልሎ፣ ከሜሪላንድ ነው። ልጄ ናት የላከችው። «አባዬ፣ ዓይኔ ደከመ ሲሉ ሰምቼ ነው፤ በዚህ ፊደሉን እንደፈለጉ እያተለቁ ያነባሉ» ትላለች። እኔ ዓይኔ ደከመ ያልኩት እኮ መነጽር እንድትልክልኝ ነበር።

ዕቃው ኢ-ሪደር ይባላል አሉ። እኔ ሰሌዳ ብያታለሁ፤ ቤቴ እስከገባች ድረስ ባገሬ ስም ትጠራ። ባለሱቁ ዘንድ ወስጄ በሚዛን አስመዝኛታለሁ፤ ሁለት መቶ ግራም ገደማ ናት፣ ከሩብ ኪሎ ስኳር ታንሳለች። ስንት መጽሐፍ እንደምትይዝ ብጠይቅ የልጅ ልጄ «ሺህ ምናምን» አለኝ። ወገኖቼ፣ መጽሐፍ «ምናምን» ተብሎ ተቆጠረ! በኛ ጊዜ ሃያ መጽሐፍ ያለውን ሰው ሠፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ለቅሶ ቤት ሲገባ እንኳ «ያ ባለመጽሐፉ» ተብሎ ወንበር ይለቀቅለታል። አሁን ሺህ መጽሐፍ በኮትህ ኪስ ይዘህ ታክሲ ውስጥ ብትቀመጥ ማን ያውቅልሃል? ረዳቱ «ሒሳብ» ይልሃል፣ በቃ።

እንዴት እንደምትሠራም ጠይቄአለሁ። ልጁ አያቱን «አንተ» እያለ አስረዳኝ (ይህን ለሌላ ቀን ልተወው)። ከመስታወቷ ሥር ዓይን የማያያቸው እንክብሎች ሞልተዋል፤ በየእንክብሉ ውስጥ ጥቁርና ነጭ ቅንጣት አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲነካው አንዴ ጥቁሩ፣ አንዴ ነጩ ወደ ላይ ይወጣል፤ ፊደል የሚሆነው እሱ ነው። ታዲያ ይሄ ሰርገኛ ጤፍ አይደለም እንዴ? ስንት እናት ወገቧ እስኪቆረጥ ለቅማ ያቃታትን ይቺ በዓይን ጥቅሻ ትለየዋለች። ቅንጣቱ አንዴ ከተደረደረ ገጹ እስኪገለጥ ድረስ ኤሌክትሪክ አይጠይቅም፤ «ስለዚህ አንዴ ቻርጅ ካደረግኸው ሳምንታት ይቆያል» አለኝ በኩራት። ሳምንታት! «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ ከዚያን ጊዜ ወዲህ አንድ ቀን ቻርጅ አድርጉኝ ብሎ ያውቃል? የኔው ቅጂ ሽፋኑ ከሄደ ቆየ፣ አንዱን ጥጉን አይጥ ቀምሳዋለች፣ ጀርባው በዱቄት ሙጫ ነው የተያያዘው፤ ግን እንደ አዲስ ነው።

ወረቀት ክብር ነበረው እኮ! ነቢይ መኰንን በደርግ እስር ቤት ሆኖ ያንን ከሺህ ገጽ በላይ የሆነ የማርጋሬት ሚቼል ልብ ወለድ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ ሲተረጉም የጻፈው በምን ላይ ነው? በሲጋራ ፓኮ ወረቀት። ብጣሽ በብጣሽ። ወረቀት እንዲህ ይከበር ነበር። ጥቅሙስ ቢሉ! እኔ ራሴ በወጣትነቴ ገና ካልጀመርኩት የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ከኋላው ሁለት ቅጠል ገንጥዬ (ከፊት መገንጠል ነውር ነው፣ አንባቢ ሊጀምር ነውና) ቆሎ ጠቅልዬበት ለአንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሰጠሁ። ይኸው እስከ ዛሬ ባለቤቴ ናት። በእንግሊዝኛ ከኔ ትበልጥ ነበር፣ ይህን ለሰው አላወራም። በሰሌዳ ምን ትጠቀልላለህ? ማንንስ ታገባለህ?

መብራቱ ደግሞ አለ። ሰሌዳዋ ከውስጧ ታበራለች። እኛ እኮ በኩራዝ ነው ያነበብን፤ በኋላ በስሟ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ሲቋቋም የኩራዝን መጽሐፍ በኩራዝ ያነበብን ትውልድ ነን። ጭሱ አፍንጫ ያጠቁራል፣ ነበልባሉ ቅንድብ ይልሳል፤ ዓይን ግን አይጎዳም። የኔን ዓይን ያደከመው ቴሌቪዥን ነው። ባለፈው ማክሰኞ መብራት ሲጠፋ ሠፈሩ ሁሉ ሻማ ፍለጋ ሲተራመስ እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አነበብኩ። ብርሃኗን ለመታዘብ ያህል ነው።

የዘመኔ ሰዎች፣ እስቲ መስክሩ! ከወገቡ እስከ አገጩ መጽሐፍ ቆልሎ ከቡና ቤት ቡና ቤት የሚዞረው አዟሪ እኮ በእግሩ የሚሄድ ቤተ መጻሕፍት ነበር። ከቁልሉ መካከል የጠየቅኸውን ስቦ ሲያወጣ ሌላው አይናድም። መግዣ ላጣ ደግሞ ኪራይ ነበረለት፤ በስሙኒ አድሮ ይመለሳል። ስሙኒ የከፈለ ሰው ይተኛል? ሌሊቱን በአንድ ትንፋሽ ጨርሶ፣ ጠዋት ዓይኑ በርበሬ መስሎ ይመልሳል። መጽሐፉም ባዶውን አይመጣም፤ የወጥ ጠብታ ይኖርበታል፣ የስኒ ቂጥ ያተመው ክብ ይኖርበታል፣ በኅዳጉ ላይ «ውሸት!» «አይ ሰብለ፣ ምነው!» የሚል የቀደመ ተከራይ ለቅሶ ይኖርበታል። ሰሌዳዋም «ማስታወሻ ጻፍ» ትላለች። ጻፍኩባት። ማን አይቶልኝ?

ገጽም የላትም። «34%» ትለኛለች። በመቶኛ የሚሰላ ወለድ እኔ የማውቀው የባንኩን ነበር፤ አሁን ልብ ወለዱም በመቶኛ ሆነ። ከሥሩ ደግሞ «ምዕራፉን ለመጨረስ 12 ደቂቃ ይቀርሃል» ብላ ትጽፋለች። ማን ለካኝ? ለካ ተደብቃ የንባቤን ፍጥነት ስትሰልል ከርማለች! እልህ ያዘኝ፤ 12 ያለችውን በ9 ጨረስኩት። በማግሥቱ 9 አለችኝ፤ በ8 ጨረስኩት። እንዲህ ስንተናነቅ ከመስከረም ወዲህ አሥራ አራት ልብ ወለድ አለቀ። ይህ ሁሉ ጥድፊያ ምን ይባላል? እኛ አንድ መጽሐፍ ይዘን ክረምቱን ሙሉ እንደ ከረሜላ ነበር የምንመጠው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የፊደሉ ነገር ነው። ዩኒኮድ በሚሉት የዓለም የፊደል መዝገብ ላይ የኛ ፊደል ከገባ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው የገባው። ሰሌዳዬ ግን ወሬው አልደረሳትም። አማርኛ ሲሰጧት ሣጥን ትደረድራለች፤ ሀም ሣጥን፣ ለም ሣጥን፣ እንደ ኮንዶሚኒየም። ልጁ አንድ የአማርኛ ልብ ወለድ በፒዲኤፍ አስገባልኝና ሣጥኑ ለቀቀ፤ ፊደሉ ግን ጤፍ አከለ፣ ላተልቀው ስል የመስመሩ ግማሽ ከሰሌዳው ወጥቶ ሄደ። «ከየት አመጣኸው?» ብለው «ከቴሌግራም» አይለኝም? ደራሲ ዓመታት ለፍቶ፣ ለማተሚያ ቤት ተበድሮ ያወጣውን! ሌብነት ነው ብዬ ተቆጣሁ። «እሺ ላጥፋው?» አለ። አይ የዘንድሮ ልጅ፣ ነገር አይገባውም፤ ሰው ምዕራፍ መሐል ላይ ሳለ መጽሐፍ ይጠፋል? በኛ ዘመን መዋዋስ እንጂ መስረቅ አልነበረም። በስድሳዎቹ የተዋስኳቸው መጻሕፍት ዛሬም መደርደሪያዬ ላይ በክብር አሉ።

ማጥፋት ካልን አይቀር፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የሆነውን ሰምታችኋል? አማዞን ሰው ገዝቶ ኪንድል በሚሏት ሰሌዳው ያስቀመጠውን የጆርጅ ኦርዌልን «1984» እና «አኒማል ፋርም» ሻጩ መብት የለውም ብሎ በርቀት ጠረገው። ገንዘቡን መልሷል፤ ሰው ግን ተኝቶ ሲነሣ መጽሐፉ የለም። የኛ ካድሬ እኮ ቢያንስ በር ያንኳኳ ነበር! «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ሲለቀም እኔ የኔን ዱቄት በርሜል ውስጥ ቀበርኩት፤ እስከ ዛሬ ሲገለጥ ያስነጥሳል። ደራሲው በዓሉ ግርማ ራሱ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ዘመኑን እንደ ፈረንጅ ብትቆጥሩት 1984 ነው።

ይኸው «ኦሮማይ» እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ወጥቶ ልጄ ሰሌዳዬ ላይ ጭናልኛለች። ያ በአማርኛ ተጽፎ፣ በአማርኛ ተደብቆ የተነበበ መጽሐፍ በባዕድ ቋንቋ ኩልል ብሎ ይነበባል፤ ባለቤት የሆነው አማርኛ ግን ሣጥን ውስጥ ነው።

የዘመኑ ልጆች ደግሞ ጭራሽ በጆሯቸው ያነባሉ አሉ፤ ሰው ያነበበውን ሽቦ ሰክተው ይሰማሉ። ስንፍና ነው! እኛ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ወጡ እያረረ፣ ልጁ እያለቀሰ፣ ትንፋሻችንን ውጠን የሰማን ሰዎች ነን። ያ ንባብ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው በደሌ ልምጣ። በወጣትነታችን አራት ሆነን ተዋጥተን ከአዟሪ ላይ አንድ የአጋታ ክሪስቲ መጽሐፍ ገዛን፤ በ1934 እ.ኤ.አ. የወጣውን፣ የኦሪየንት ኤክስፕረሱን። ባቡር ዩጎዝላቪያ ላይ በረዶ ይይዘዋል፤ አንድ ሰውዬ አሥራ ሁለት ቦታ ተወግቶ ይገኛል፤ ፖይሮ የተባለው ባለ ጺሙ መርማሪ ያውጣጣል። «በርዝ» የሚል ቃል በየገጹ አለ። ልደት ማለት መስሎኝ ነበር፤ ፊደሉ አንድ ቦታ ላይ ቢለይም የማተሚያ ቤት ስህተት ነው ብዬ አለፍኩት። ሃምሳ ዓመት ሙሉ በዚያ ባቡር ላይ ላይኛውም ታችኛውም አልጋ ወላድ የተኛበት ሲመስለኝ፣ በዚያ ሁሉ ምጥ መካከል ምርመራ መካሄዱ ሲገርመኝ ኖርኩ። ሰሌዳዋ ቃሉን በጣት ሲጫኗት የባቡር መኝታ ማለት ነው አለችኝ። ማን ጠየቃት? የኔው ይሻል ነበር።

መጽሐፉ ታዲያ መጨረሻ አልነበረውም። አንብበን አንብበን ፖይሮ ሰዎቹን ሰብስቦ አፉን ሊከፍት ሲል ወረቀቱ አለቀ። ምን ዓይነት አረመኔ ነው የመርማሪ መጽሐፍ ከኋላው የሚገነጥል? እንግዲህ ነፍሰ ገዳዩን ለራሳችን ፈረድን። እኔ የፉርጎው አስተናጋጅ ነው አልኩ። ቀጮው የሃንጋሪው ባላባት ነው አለ። መምህሩ አሮጊቷ የሩሲያ ልዕልት፣ ዘመዴ ደግሞ እንግሊዛዊው ኮሎኔል አሉ። ለረታው የፋሲካ በግ ሦስቱ ሊገዙ ተወራረድን። ፊልሙ ሲወጣም እንዳናየው ተማማልን፤ ፊልም ለመጽሐፍ ንቀት ነው። በየሰንበቱ እኔ ቤት ቡና ላይ ክርክር ነበር፤ አንድ ጊዜ እኔና መምህሩ በልዕልቲቱ የተነሣ ከጥምቀት እስከ ሁዳዴ ተኳርፈናል። ባለቤቴ ስኒውን እያቀበለች «ኧረ ሁላችሁም ልክ ናችሁ፣ ሳይቀዘቅዝ ጠጡ» ትለናለች። ሰላም ፍለጋ ነው ብለን ሳንሰማት እናልፋለን።

ይቺ ሰሌዳ ማክሰኞ ሌሊት፣ መብራት በጠፋበት፣ ያን መጨረሻ አሳየችኝ። መጽሐፉ የተገነጠለባችሁ ካላችሁ አልነግራችሁም። ይህን ብቻ ልበል፦ ከአራታችን የተረታ የለም።

ተነሥቼ ቁጭ አልኩ። ለማን ልንገር? መምህሩ ካረፈ አሥር ዓመት አለፈው፤ ዘመዴም ተከትሎታል። የቀረኝ ቀጮው ነው፣ እሱም አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ አሁን ቀጭን አይደለም አሉ። እዚያ ገና አመሻሽ ነው ብዬ ደወልኩ።

«ማን ሞተ?» አለኝ።

«ማንም። ባቡሩ ላይ ሁላችንም ልክ ነን!»

ዝም አለ። ከዚያ ሳቀ፣ ሳቀ፣ ሳቁ ወደ ሳል ሄደ። «ታዲያ በጉን ማን ይግዛ?» አለ። ሲረጋጋ ደግሞ ያልጠበቅሁትን ተናዘዘ። አንዱን ቅጠል እሱ ከሰል ሊያያይዝበት ገንጥሎት ኖሯል። መምህሩ አንዱን ለጫማው ሶል፣ ዘመዴም አንዱን ለሲጋራ። «ሁለት ቅጠል ግን ከኛ በፊት ሄዶ ነበር፣ የመጨረሻው» አለ፤ «እሱን ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አላወቅንም።» ደሜ ፈላ። አራዊት! መጽሐፍ ይገነጠላል? ያንን ሁለት ቅጠል የወሰደውን ሰው በሕይወት ካለ አገኘዋለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ዞር ስል ባለቤቴ ነቅታለች። «አንቺ፣» አልኳት፣ «ሁላችሁም ልክ ናችሁ ስትይ ለካ እውነትሽን ኖሯል! በምን አወቅሽው? መጽሐፉን አንድ ቀን እንኳ በእጅሽ ነክተሽው አታውቂም።»

ብርድ ልብሱን ወደ አንገቷ ሳብ አደረገች።

«ነገ ቆሎ ልቁላልህ?» አለችኝ።