ምስኪኑ ቦይ

የአሜሪካዋን የሉዊዚያና ግዛት ጠረፍ ረግረግ የሚያጠፉት፣ የነዳጅ ኩባንያዎች ጠበቆች እንደሚያስረዱት፣ ወንዝ፣ አውሎ ነፋስና የመሬት መስመጥ ናቸው። ከ1932 ወዲህ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) 4,800 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ግድም መሬት ውሃ ሆኗል። በዚያው ረግረግ ውስጥ ለነዳጅና ለጋዝ የተቆፈረው፣ ርዝመቱ 16,000 ኪሎ ሜትር ይደርሳል የሚባለው ቦይ በስፍራው የተገኘው እንዲያው በአጋጣሚ ነው።

ቦዩ ያደረገው ነገር ጥቂት ነው። የጉድጓድ መቆፈሪያው በውሃ ላይ ተንሳፍፎ ስለሚመጣ መንገድ ተቀደደለት፤ የወጣው ጭቃ ግራና ቀኝ ተከመረ። ክምሩ ውሃው እንደ ልቡ እንዳይገባና እንዳይወጣ ስላገደው ከኋላው ያለው ሣር ሰጥሞ ሞተ። በተከፈተው መንገድ የባሕር ጨው ዘልቆ ሌላውን ገደለ። ሥር ያልያዘው አፈር ተናደ፤ ቦዩም እየሰፋ ሄደ። ነዳጁ ሲያልቅ ቆፋሪው ሄደ፣ ቦዩ ቀረ።

ከ1927ቱ ጎርፍ በኋላ የሚሲሲፒ ወንዝ ግራና ቀኙ በጎርፍ መከላከያ ታጥሮ ለረግረጉ ደለል መመገብ ማቆሙ እውነት ነው። እውነት በመሆኑም ከጀርባው ስንቱን ኩባንያ ይደብቃል።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። የሉዊዚያና ወረቀት ግን ለቀቅ ያደርጋል። የ1978ቱ የጠረፍ ሕግ በጠረፉ የሚሠራ ፈቃድ እንዲያወጣ፣ ሲጨርስም ቦታውን በተቻለ መጠን ወደነበረበት እንዲመልስ ያዛል። ኩባንያዎቹ ሕጉ ወደ ኋላ ተመልሶ ሥራ ላይ ከዋለበት ከ1980 በፊት የተቆፈረውን አይነካም ብለው ይከራከራሉ። በ2013 የኒው ኦርሊንስ አካባቢ የጎርፍ መከላከያ ባለሥልጣን 97 ኩባንያዎችን ሲከስ፣ የግዛቲቱ ምክር ቤት በማግስቱ ዓመት ክሱን የሚሽር ሕግ አወጣ፤ አገረ ገዥው ቦቢ ጂንዳልም ፈረሙበት። ይህኛው ሕግ ወደ ኋላ ለመሄድ ምንም አልተቸገረም።

የጠረፉ አውራጃዎች ያቀረቧቸው ሌሎች ክሶች ተረፉ። ከነሱ የመጀመሪያው ለፍርድ የቀረበው በ2025 ነበር፤ በኤፕሪልም የፕላክማንስ አውራጃ ጁሪ፣ የነዳጅ ኩባንያው ቼቭሮን በ2001 የገዛው ቴክሳኮ ላደረሰው ጉዳት 744.6 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ፈረደ። ቼቭሮን ይግባኝ እንደሚል ወዲያው አስታወቀ። ሌላም መከላከያ አለው፦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነዳጁ ለሠራዊቱ አውሮፕላኖች ቤንዚን ሆኗልና ጉዳዩ የፌዴራል ነው ይላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ይህን ሊመረምር በዚያው ዓመት ተቀበለ። የቀረበለት ጥያቄ ቦዩን ማን ቆፈረው የሚል አልነበረም፤ ክሱን የትኛው ፍርድ ቤት ይየው የሚል ነበር።