የሜክሲኮው እምቢተኛ

ሜክሲኮ አደባባይ ስሙን ያገኘው የፋሺስት ጣሊያንን ወረራ በእምቢታ ካወገዘች፣ ዕውቅናም ከነፈገች አገር ነው። የሰፈራችን ጨቅላም ይህን ታሪክ ሳይሰማ አልቀረም፤ ለሌሊት ዕውቅና አልሰጥም ብሏል።

ቀን የታክሲ ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ ሲጮኽ፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ባቡር ሲያልፍ፣ ለጥ ነው። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ከተማው ጸጥ ሲል ዓይኑን ያፈጣል። እናት በእሹሩሩ፣ አያት በጠበል፣ አባት በልመና ይደራደራሉ። ሐኪሞች አራስ ልጅ በቀን እስከ 17 ሰዓት ይተኛል ይላሉ። እውነት ነው፤ መቼ እንደሚተኛ ግን ወላጅ አያማክርም። ቀንና ሌሊት መለየት የሚጀምረው ገና ሁለት ሦስት ወር ሲሞላው ነው።

እንግዲህ ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ የሚያንቀላፋ አባት ካያችሁ፣ ሲጠጣ አድሮ ነው ብላችሁ አትሙት።