ይድረስ ለቦሎ መርማሪያችን፣ ባሉበት

ክቡር መርማሪ ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ላመሰግንዎ ነው። ዶልፊን ሚኒባሴ ዘንድሮም ቦሎ ተለጥፎላታል። «ዋይፐር!» አሉኝ፣ አበራሁ፤ ሁለቱም ግራ ቀኝ አሉ፤ ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረጉ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ የሐዋሳ ፀሐይ አናት የሚበሳ፣ መስታወቱም ደረቅ ነበር። በዚያ ቀን ዋይፐሩ ሳያሳይዎት የቀረ ሙያ ቢኖር ዝናብ መጥረግ ብቻ ነው።

ምስጢር ላካፍልዎ። ያ በእኔ በኩል ያዩት ላስቲክ በደንብ ያውቅዎታል። እንደ ሰርግ ሱፍ ከቤት ቤት የሚዞር ዕቃ ነው፤ የምርመራ ቀን ከአንዱ ሚኒባስ ተነቅሎ ሌላው ላይ ይገባል፣ ማታ ይመለሳል። ከሰፈራችን ሾፌሮች ሁሉ ይልቅ ብዙ ቦሎ ያወጣው እሱ ነው። የገዛ ላስቲኬማ ከበጋ እስከ በጋ ፀሐይ ላይ ውሎ ደርቋል፤ ሲንቀሳቀስ ውሃውን ከመጥረግ ይልቅ ያስተካክለዋል።

ለነገሩ ዋናው ሕመም ላስቲኩ አይደለም። የዋይፐሩ ሞተር ይዞራል፤ መዞሩን ወደ ግራ ቀኝ የሚለውጡት ከመስታወቱ ሥር የተደበቁ የብረት ክንዶች ናቸው። ክንድ ከክንድ በሚገናኝበት ቦታ ኳስ መሳይ ራስ በፕላስቲክ ቡሽ ውስጥ ይቀመጣል። ፕላስቲኩ ሲያረጅ ይሰነጠቃል፣ ኳሱ ይወልቃል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ሲያጉረመርም ይሰማል፤ መጥረጊያው ግን ከተኛበት አይነሳም። (አንዳንዴ ስብሰባ የገባሁ ይመስለኛል።) ዕቃው ከአውራ ጣት ያንሳል። መለዋወጫ ሱቅ ስጠይቅ «ከነክንዱ እንጂ ለብቻው አይሸጥም» ተባልሁ። መካኒኬም የካላማዳሪያ ቁራጭ ጠቅልሎ ጥርቅም አድርጎ አሰረው። ለእርስዎ ጉብኝት በቂ ነው። እውነተኛ ዝናብ ሲመጣ ግን ካላማዳሪያው ይንሸራተትና የእኔ በኩል ቀጥ ይላል፤ የጋቢናው ይሠራል። ስለዚህ ከሻሸመኔ ስመለስ ጋቢና የተቀመጠው ተሳፋሪ መንገዱን ጥርት አድርጎ ያያል፤ እኔ እሱን እየጠየቅሁ እነዳለሁ።

«አዲስ ግዛ» እንዳይሉኝ። ዶልፊን ከፋብሪካ መውጣት ካቆመች 20 ዓመት አልፏል። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አደረገ። በጥር 2016 ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆነ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተባለ። አሮጌው በታክስ፣ አዲሱ በክልከላ ደጅ ቀሩ፤ የእኔዋን ጡረታ የሚፈርምላት ጠፋ። የነዳጁ ወጪና ጭሱ ያሳሰባቸውን ሰዎች አልወቅስም። ግን ዝናብ ሲዘንብ ባትሪና ናፍጣ አይለይም፤ የኤሌክትሪኳም ነገ ታረጃለች፣ ያኔም እዚያው ግቢዎ ውስጥ በደረቅ መስታወት «ዋይፐር!» ትባላለች።

ዋይፐርን ካነሳን አይቀር፣ አሜሪካዊቷ ሜሪ አንደርሰን በ1903 እ.ኤ.አ. ከመኪናው ውስጥ በእጅ በሚንቀሳቀስ ዘንግ የሚሠራ መስታወት መጥረጊያ በስሟ አስመዝግባ ነበር። አንድ የካናዳ ድርጅት ገንዘብ አያወጣም ብሎ ሳይገዛት ቀረ። እኛ ግን እስከ ዛሬ እናከብራታለን፤ ይርጋለም መንገድ ላይ ሲከፋብን መጥረጊያው ላይ ሲባጎ አስረን አንዱን ጫፍ እኔ፣ ሌላውን ረዳቴ በመስኮት እንጎትታለን። ከ120 ዓመት በኋላ በፈጠራዋ ላይ የጨመርንላት ረዳቱን ነው። እሱም ትከሻው ድረስ ረጥቦ ሂሳብ ይሰበስባል።

አንድ ቅሬታም አለኝ፤ ቅር አይበልዎ። አቧራ የለበሰ መስታወት በደረቁ ሲጠረግ ይጫራል። ማታ ከፊት የሚመጣ መኪና መብራቱን ሲለቅብኝ ያ ጭረት ሁሉ አብሮ ይበራል፤ እግረኛውን፣ ባጃጁን፣ የተኛችውን ላም ይውጥብኛል። ምርመራዎ ራሱ መስታወቴን እያስረጀው ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ አመሻሽ ላይ ከሐይቁ የሚነሳው ትንኝ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል፤ እሱንም በደረቁ ቢጠርጉት ይለቀለቃል እንጂ አይለቅም።

ልመናዬ አንድ ናት። በሚቀጥለው ምርመራ አንድ ጆግ ውሃ ይያዙ። መስታወቱ ላይ ይድፉትና ሾፌሩን አስወርደው እርስዎ ቦታው ላይ ይቀመጡ፤ ዋይፐሩን አብርተው ወደ ፊት ይመልከቱ። የማይታይዎ ከሆነ ቦሎውን ይከልክሉን፤ ከእኔ ይጀምሩ። ያ የሚዞረው ላስቲክም ይረፍ። ውሃ የለም እንዳይሉን ብቻ፤ ሐይቁ እዚሁ ነው።

አክባሪዎ፣
አንድ የዶልፊን ሾፌር፣ ሐዋሳ