የጃንሆይ ብዕር በዓለም ገና

የጅማና የቡታጅራ መንገድ በሚለያይባት በዓለም ገና የሚኖሩ አንድ ወዳጄ፣ በስልካቸው በበይነ መረብ ሐራጅ ተጫርተው ያሸነፉትን ብዕር፣ ለንዋየ ቅድሳት በሚገባ አክብሮት ከሐር መሐረብ ፈትተው አሳዩኝ፤ ሻጩ «ፓርከር 51፣ በጽሕፈት ሚኒስቴር የግርማዊ ጃንሆይ ትእዛዝ የተጻፈበት» ሲል መስክሮለታልና። ምስክሩ ራሱ ሻጩ መሆኑ እምነታቸውን አላጎደለውም።

በእርግጥ እውነተኛው ፓርከር 51፣ በፈረንጅ 1941 ለገበያ የቀረበው፣ የወርቅ ጫፉን እንደ መነኩሴ በቆብ ሸፍኖ የሚጽፍ ብዕር ነው፤ ይህኛውም ቆቡን ደፍቷል። ነገር ግን እጀታውን ፈትቼ፣ የቀለሙን ከረጢት የሚጠብቀውን ቆርቆሮ ወደ ብርሃን ባዞረው፣ የአሜሪካው ፋብሪካ የአሞላል መመሪያ በሚቀርጽበት ስፍራ የቻይና ፊደላት ተገለጡ፤ ጫፉም ወርቅ ሳይሆን ብረት ነበረ። የሻንግሃዩ ሂሮ ፋብሪካ 616 ብሎ ለተማሪውና ለጸሐፊው በርካሽ ያዳረሰው አምሳያ መሆኑን በትሕትና አስረዳኋቸው።

ወዳጄ ጥቂት አሰቡና ፊታቸው በራ። «ታዲያ ጃንሆይ በ1964 ዓ.ም. ፔኪንግ ወርደው ከማኦ ጋር ተገናኝተው የለም እንዴ?» አሉና፣ ብዕሩን መልሰው በሐር ጠቅልለው፣ በእጥፍ ዋጋ ለሐራጅ የሚያቀርቡበትን ማስታወቂያ በስልካቸው ይጽፉ ጀመር።