ክቡር ሲስተም

ድሮ ጉዳይ ይዞ ቢሮ የሄደ ሰው «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ይባል ነበር። የኃላፊው ስም ይታወቃል፣ ሰፈራቸው ይታወቃል፣ ከቀትር በኋላ የት በርጫ ላይ እንደሚገኙም ይታወቃል። ድሬዳዋ ሰው ተደብቆ የሚኖርባት ከተማ አይደለችም። ባለጉዳዩ ሲብስበት ቤታቸው ድረስ ሄዶ «አቦ፣ ኧረ ለአላህ ብለው!» ማለት ይችል ነበር።

ይህ ጉድለት ዛሬ ታርሟል። አሁን መስኮት ላይ የሚባለው «ሲስተም የለም» ነው። ክቡር ሲስተም የት እንደሄዱ አይታወቅም፤ መቼ እንደሚመለሱ አይታወቅም። ዘመድ የላቸውም፣ ሽማግሌ አይላክባቸውም፣ በርጫ አይቀመጡም። ቅሬታ ሰሚ ክፍል ቢኬድም ቅሬታው የሚመዘገበው በእሳቸው ላይ ስለሆነ እስኪመጡ ይጠበቃል። መረጃዎ የት ነው ቢባል ክላውድ ላይ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

እንዲህ ያለ ፍጹም አለቃ በአንድ ጀምበር አልተገኘም። ቢፒአር የተባለው የአሠራር ማሻሻያ መጥቶ በቢሮዎች መካከል ያለውን ግድግዳ አፈረሰ፤ አለቃና ምንዝር አንድ አዳራሽ ውስጥ ተያየን። ቢኤስሲ የተባለው ምዘና መጥቶ ሁላችንንም ነጥብ ሰጠን። የለውጥ ሠራዊት አንድ ለአምስት አደራጀን። ካይዘን የተባለው የጃፓን ዘዴ ስቴፕለሩ የሚቀመጥበትን ቦታ በቢጫ ቀለም አሰመረልን። ወረዳ ኔት ደግሞ ቀድሞ ስንሄድበት የነበረውን ስብሰባ በስክሪን እኛው ዘንድ አመጣልን። ሁሉም በየተራው ለውጥ ተብሎ ተጨበጨበለት። የዛሬው ሲስተም የእነዚህ ሁሉ ወራሽ ነው።

ሹመታቸው የሚጸድቀው በሪባን ነው። «ወደ ወረቀት አልባ አገልግሎት እንሸጋገራለን» የሚል ባነር ይሰቀላል። የጥሪው ደብዳቤ ማህተም አርፎበት፣ ግልባጭ ለሚመለከታቸው ተብሎ፣ በሞተረኛ ይበተናል። ከአዲስ አበባ የመጣው የኩባንያው ባለሙያ አበበ ከበደ የሚባል ባለጉዳይ በሦስት ደቂቃ ሲስተናገድ በስክሪን ያሳያል። የአበበ ፋይል ጠፍቶ አያውቅም፤ ስሙ በሦስት ሰነድ ላይ ሦስት ዓይነት ሆኖ አልተጻፈም፤ የውርስ ክርክርም ሆነ የፍርድ ቤት እግድ የለበትም። ጭብጨባው ይቀልጣል። በማግስቱ ባለሙያው አውሮፕላን ይሳፈራል፤ አበበም አብሮት ይሄዳል። ከዚያ ወዲህ እንደሱ ያለ ባለጉዳይ ድሬዳዋ ላይ ታይቶ አይታወቅም።

ቀጥሎ ሥልጠና ነው። ሥልጠናው አዳማ ወይም ቢሾፍቱ፣ ሆቴል ውስጥ ይሰጣል። አበል ስላለው የሚሄደው ዳይሬክተሩና ቡድን መሪው ነው፤ የመስኮቷ ሠራተኛ «መስኮቱ ባዶ እንዳይሆን» ተብላ ትቀራለች። ሠልጣኞቹ ሰርተፊኬታቸውን ይዘው ሲመለሱ የሚያካፍሏት ዕውቀት አንድ ነው፤ የይለፍ ቃሉ። እሱም በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ኮምፒዩተሩ ግንባር ላይ ይለጠፋል። ወረቀት አልባው አሠራር ያለዚያች ወረቀት አይከፈትም።

ይህች ማንም ያልጠየቃት ሠራተኛ ማን ናት? ከገጠር ቀበሌ የመጡትን አባት በኦሮምኛ፣ ነጋዴዋን በሶማሊኛ፣ ጡረተኛውን በአማርኛ የምታስተናግድ ሰው ናት። መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ መሀመድና ሞሐመድ ተብለው የተጻፉ አራት ፋይሎች የአንድ ሰው መሆናቸውን በአያት ስምና በሰፈር ትለያለች። ገንደ ቆሬ ተወልዶ ሳቢያን የሚኖረውን ሰው ካርድ ከየትኛው መደርደሪያ እንደምታወጣ ታውቃለች። ሲስተሙ የተሠራው እሷን ሳያማክር ነው። ስለዚህ ሦስት ቋንቋ ለምትናገረው ሠራተኛ በአራተኛ ቋንቋ፣ በእንግሊዝኛ፣ የቤተሰብ መጠሪያ ስም አስገቢ ይላታል፤ እዚህ አገር የቤተሰብ መጠሪያ ስም የለም። የትውልድ ቀን ሲጠይቅም ወሮቹ አሥራ ሁለት ብቻ ናቸው። ጳጉሜን 3 ቀን የተወለደ ሰው ወይ በነሐሴ ይወለዳል፣ ወይ መስከረምን ይጠብቃል።

እሷ ግን መላ አታጣም። ቀን ቀን እንደ ጥንቱ በትልቁ መዝገብ ትመዘግባለች፤ ሲስተሙ ብቅ ሲል ከመዝገቡ ወደ ሲስተሙ ትገለብጣለች። ሥራ ይቀንሳል ተብሎ የመጣው ነገር ሥራዋን እጥፍ አደረገው። በሪፖርቱ ላይ ግን የገለበጠችው በሙሉ «በዲጂታል የተስተናገደ» ተብሎ ይቆጠራል፤ በሩብ ዓመቱ ግምገማም ቢሮው አረንጓዴ ያገኛል።

የሕግ ክፍተት ነው እንዳንል ሕጉ ከእኛ ቀድሟል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072 የወጣው በ2010 ዓ.ም. ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ደግሞ ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። እኛም አዋጆቹን አክብረን፣ አትመን፣ ማህደር ውስጥ አስቀምጠናል። በኢሜይል የተላከ ደብዳቤ ታትሞ፣ ማህተም ተመትቶበት፣ ስካን ተደርጎ በኢሜይል ይመለሳል። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያም በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ጸንቷል፤ ስለዚህ ባለጉዳዩ ፋይዳውን ሁለት ኮፒ አድርጎ ይዞ ይመጣል። ከዚህ ለውጥ በእርግጥ ያተረፈ ቢኖር የቢሮው አጥር ሥር ፎቶ ኮፒ ማሽን የተከለው ወጣት ነው። «ኦንላይን ፎርም እንሞላለን» የሚል ጽሑፍ ለጥፏል፤ አዛውንቶቹን በየቋንቋቸው አነጋግሮ ይሞላላቸዋል። አበል አልተከፈለውም፤ ሰርተፊኬትም የለውም።

ነገሩ አልሄድ ሲል ምክንያቱ ይታወቃል። «ሠራተኛው ለውጥ ይፈራል፤ የአመለካከት ችግር አለበት» ይባላል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! በዚህች ከተማ ለውጥ ፈሪ ማግኘት እኮ ራሱን የቻለ ጥናት ይጠይቃል። ታይዋን ገበያ ያለ ነጋዴ አዲስ ስልክ እንዴት እንደሚፈታና እንደሚገጠም ማን አሠለጠነው? ቴሌብር በግንቦት 2013 ሲጀመር ጉልት ላይ ለምትቸረችረው እናት ወርክሾፕ የከፈተላት አልነበረም። በ2015 ነዳጅ በኤሌክትሮኒክ ክፍያ ብቻ ይቀዳል ሲባል የባጃጅ ነጂው አማርሮ፣ ተሰልፎ፣ ለመደው። መጋቢት 7 ቀን 2016 ሌሊት የንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ከሒሳብ በላይ ገንዘብ ሲሰጥማ በየዩኒቨርሲቲው ያሉ ተማሪዎች ያለ አንዳች ማኑዋል እስኪነጋ ጠንቅቀው አወቁት። ያ ሌሊት የሚመሰገን አይደለም፤ ያሳየው ግን ሰው የሚጠቅመውን ነገር ለመማር ቀስቃሽ እንደማይፈልግ ነው። የመስኮቷ ሠራተኛ ከሲስተሙ ያገኘችው ጥቅም ምንድን ነው? ሁለት መዝገብና አንድ ወቀሳ።

«ሲስተም አይሳሳትም፣ ሰው ነው የሚሳሳተው» የሚለው እምነት ደግሞ የት እንደሚያደርስ እንግሊዞች ከፍለው አይተውታል። የፖስታ ቤታቸው ሆራይዘን የተባለ የፉጂትሱ የሒሳብ ሲስተም ያልጎደለ ገንዘብ ጎደለ እያለ፣ ከ1999 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ከ900 በላይ የፖስታ ቤት ቅርንጫፍ ኃላፊዎች ያለጥፋታቸው ተፈርዶባቸዋል። ሰዎቹ ገና ከጅምሩ «ስሌቱ ልክ አይደለም» ብለው ስልክ ይደውሉ ነበር። ስልኩን ያነሳ ነበር፤ የሰማ ግን አልነበረም። እኛ ዘንድ ስልኩም ስለማይነሳ እስካሁን በሰላም አለን።

ድሬዳዋ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ከጓሮዋ ነበራት። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር ሐሳቡ ሐረርን መንካት ነበር፤ ተራራው አላስወጣ አለ። መሐንዲሶቹ ተራራውን ሰብስበው አልገመገሙትም፤ «የአመለካከት ችግር አለበት» ብለውም ሪፖርት አልጻፉበትም። መሬቱን ለክተው መስመሩን በቆላው አዞሩት፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚህ ሲደርስ አዲስ ሐረር የተባለች ከተማ ተቆረቆረች። ድሬዳዋ የተወለደችው ዕቅድ ለመሬቱ እጅ ስለሰጠ ነው። ከመቶ ሃያ ዓመት በኋላ በዚያችው ከተማ መሬቱ ለዕቅዱ እጅ እንዲሰጥ እንጠብቃለን።

እውነቱን ለመናገር ሲስተሙ አልበደለንም። ቢሮውን ሊለውጥ መጣ፤ ቢሮው እሱን ለወጠው። የማይገኝ፣ የማይጠየቅ፣ ኮፒ የሚወድ፣ ያለ ማህተም የማያምን አድርጎ በራሱ አምሳል ቀረጸው። ይህ የሆነው ደግሞ ሶፍትዌር ሲገዛ ሥልጣን ስላልተነካ ነው። አምስት ፊርማ የሚጠይቅ ጉዳይ ኮምፒዩተር ላይ ሲወጣም አምስት ፊርማ ነው፤ አራቱን የመሻር ድፍረት ከኩባንያ አይገዛም፣ በጨረታ ሰነድም ላይ አይገኝም። ያንን ማድረግ ያለበት ሪባኑን የሚቆርጠው ሰው ነው፤ ከአምስቱ ፊርማዎች አንዱ የእሱ መሆኑ ግን ነገሩን ያከብደዋል።

እንግዲህ ለሚቀጥለው ምርቃት ትንሽ ልመና አለን። አበበ ከበደን ተዉትና አራት ዓይነት ስም ያላቸውን አዛውንት መድረክ ላይ አውጡልን። ኮምፒዩተሩ ፊት ባለሙያው ሳይሆን የመስኮቷ ሠራተኛ ትቀመጥ። በዚያው ዕለት የተዘጋውን መዝገብና የተሻሩትን ፊርማዎች ዝርዝር አንብቡልን፤ ከኩባንያው ንግግር ያጥራል። ይህን ማሳየት የማይቻል ከሆነ ግን ሪባኑን አትቁረጡት፤ ለሚቀጥለው ሲስተም ያገለግላል።