ከሊጡ የወጣው ቅቤ

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ባለ የሐበሻ ቤት ቅዳሜ ጠዋት ጎራ ያለ ሰው ጉድ ያያል። ሐኪሙ «ኮሌስትሮልህ ከፍ ብሏል» ያለው አባወራ፣ በትዳር ዘመኑ ሻይ አፍልቶ የማያውቀው ሰውዬ፣ ሽርጥ አስሮ የዋፍል ሊጥ ሲመታ ይገኛል። ጨጨብሳ «ቅቤ ይበዛዋል» ተብሎ ከቤት ተባርሯል። ከእንግዲህ ቤተሰቡ ቁርሱን የሚበላው ጤናማ ዋፍል ነው፤ ጤናማ የሚለው ቃል ሳይቀድመው ዋፍል ብሎ መጥራትም ነውር ሆኗል።

ሙያው እንኳ የሚናቅ አይደለም። ነጩ ዱቄት ይቀነስና በአጃ ወይም በጤፍ ዱቄት ይተካል። ስኳሩ ወጥቶ የበሰለ ሙዝ ይፈጫል፤ በቀለጠው ቅቤ ፈንታ አፕል ሶስ ይገባል። የእንቁላሉ ነጭ ከአስኳሉ ተለይቶ አረፋው ቀጥ ብሎ እስኪቆም ይመታና በመጨረሻ ቀስ ተብሎ ከሊጡ ጋር ይገናኛል። አረፋው ውስጥ የታፈነው አየር ሙቀት ሲያገኘው ይነፋል፣ ዋፍሉም ቀለል ይላል። አባወራችን ግን ቀስ ማለት አያውቅም። በማማሰያ እያሽከረከረ ያንን ሁሉ አየር ያባርርና «ምነው ጠፍጣፋ ሆነ?» ብሎ ዱቄቱን ይወቅሳል።

የባሰው የሚመጣው ቅቤውን ጠብታ ሳያስቀር ያወጣ ዕለት ነው። ለካ ዋፍሉን ከላዩ ኩርሽም የሚያደርገው፣ ከብረቱም የሚያላቅቀው ያ የተሰደበ ቅባት ኖሯል። እንፋሎቱ እስኪያባራ መጠበቅም ነበረበት፤ እሱ ግን በየደቂቃው ክዳኑን ገለጥ እያደረገ ያያል። በመጨረሻ ዋፍሉ ለሁለት ይሰነጠቅና ግማሹ ከላይኛው ብረት፣ ግማሹ ከታችኛው ጋር ይቀራል። ሚስት በሹካ ጫፍ ከየጉድጓዱ እየፋቀች ስታወጣ፣ ልጆቹ ፍሪዘሩን እያዩ «ማሚ፣ የሱቁ ዋፍል፣ ኤጎው አለ?» ይላሉ።

ብረት ቅባት ሲነፈገው የሚያኮርፈው በሐበሻ ላይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ የሩጫ አሠልጣኝና ከናይኪ መሥራቾች አንዱ የሆነው ቢል ባወርማን፣ የሚይዝ የጫማ ሶል ፍለጋ በሚስቱ የዋፍል ብረት ውስጥ ዩሬቴን አፈሰሰ። እንዳይጣበቅ የሚቀባውን ረስቶ ኖሮ ብረቱ ተጣብቆ አልከፈት አለው ይባላል። በኋላ ግን ሐሳቡ ተሳክቶለት የሩጫ ጫማ ወጣው። ዋፍል ለሰው ልጅ ጤና ከዋለው ውለታ ሁሉ ትልቁ ይሄ ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ገበታው ስንመለስ፣ ከሊጡ የተባረረው ቅቤ ሳህን ላይ ተቀምጦ እየጠበቀ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ወደ 100 ካሎሪ፣ ያንኑ ያህል የሜፕል ሽሮፕ ደግሞ ወደ 50 ካሎሪ አለው። ግን በማንኪያ የሚለካ ማን አለ? ጠርሙሱ ይዘቀዘቃል። «ንጹሕ ሜፕል ነው፣ ከዛፍ የተቀዳ» ይላል አባወራው፤ ዛፉ የሰጠው 40 ሊትር ገደማ ፈሳሽ ተንተክትኮ አንድ ሊትር ሽሮፕ እንደሚወጣው፣ ተኖ የሄደው ውኃው እንጂ ስኳሩ እንዳልሆነ ማንም አያነሳበትም።

ከአዲስ አበባ ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡት አማቱ ዋፍሉን አገላብጠው አዩና፣ «ገንፎ እንኳ መሐሉ አንድ ጉድጓድ ነው ያለው፤ ይህን ሁሉ ጉድጓድ የማን ቅቤ ይችለዋል?» አሉ።

«ጤናማ ነው እኮ እማማ፣ ይቅመሱት» አለ አማች፣ ሦስተኛውን እያነሳ። በፊት በቅቤ የተጋገረውን አንድ በልቶ ያቆም ነበር።

ጾም ሲገባ ደግሞ እንቁላሉም ወጣ። ልጅቱ ከሱቅ አንዲት ትንሽ የታሸገች ዱቄት ገዝታ መጣች፤ አንዱን ማንኪያ በሦስት ማንኪያ ውኃ በጥብጠው ሲያቆዩት ይዝለገለግና በአንድ እንቁላል ቦታ ይገባል። እናት ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ።

«ተልባ ነው እንዴ?»

«አዎ እማዬ።»

«ስንት ገዛሽው?»

ልጅቱ ዋጋውን በዶላር ነገረቻቸው። አሮጊቷ በልባቸው ወደ ብር መነዘሩትና አማተቡ። «እኔ ቤት በጆንያ ተቀምጦልሽ! ኧረ እየጠጣሽው አይደል ያደግሽው?»

አማች በዚህ ክርክር አልገባም። የጾሙን ዋፍል ወደ ሳህኑ እየሳበ፣ «ሽሮፑ ግን የጾም ነው አይደል?» ብሎ ጠየቀና መልስ ሳይጠብቅ ጠርሙሱን ዘቀዘቀው።