በእንተ ዳንቴል፤ የኮልፌ ቀራንዮ ባለ ኪሮሽ ኑሮና ያልተፈጸሙ ሥራዎቿ

መቅድም

የሰው ልጅ ከጀመራቸው ሥራዎች መካከል ለፍጻሜ የበቁት፥ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና የጎንደር አብያተ መንግሥት እንደ ሆኑት ሁሉ፥ ቁመታቸው ተለክቶ፥ ዘመናቸው ተቈጥሮ በመጻሕፍት ሲሰፍሩ፥ ተጀምረው የቀሩት ግን፥ በቍጥር እጅግ የሚበልጡት እነርሱ ሆነው ሳለ፥ በፌስታል ተጠቅልለው በቁም ሣጥን ራስ ላይ ከመቀመጥ በቀር አንዳች ማዕርግ ሳያገኙ እስከ ዘመናችን ደርሰዋል። ይህ ሐተታ ያንን ጉድለት ለመሙላት የተነሣ ነው። የጥናቱ መስክ በምዕራብ አዲስ አበባ ያለው ኮልፌ ቀራንዮ ሲሆን፥ የሚጠናውም ኪሮሽዋን ይዛ የምትቀመጥ አንዲት የቤት እመቤት ኑሮ ነው፤ ስሟን አንጠራም፥ ከአጠና ተራ እስከ ዘነበ ወርቅ፥ ከወይራ ሰፈር እስከ ቤቴል በር ያንኳኳ ሰው ሁሉ የሚያገኛት እርሷኑ ነውና።

የአገሩም ምርጫ ያለ ምክንያት አይደለም። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. በኮልፌው የፈጥኖ ደራሽ ሰፈር፥ ለስድስት ወር የታሰበውን የውትድርና ትምህርት ጀምረው፥ ሁለት ወር ያህል እንደ ተማሩ ከትግል ጓዶቻቸው በመጣ ጥሪ አቋርጠው መሄዳቸው የታወቀ ነው። ስለዚህ ነገር ግን፥ የሰፈሩ ነዋሪ ቀርቶ በዓለም ዙሪያ ካሉት የታሪክ ሊቃውንት አንድ እንኳ፥ «ጅምርዎን መቼ ይጨርሱታል?» ብሎ አላስጨነቃቸውም። ኮልፌ ለእንግዳው ያሳየችውን ይህን ርኅራኄ ለገዛ ልጆቿ የነፈገችበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ መመርመር ተገቢ ሆኖ ተገኝቷል።

በእንተ ጥንተ ነገር

ክርን በመርፌ ቈላልፎ ልብስ የማድረግ ጥበብ ከየት እንደ ተነሣ የሚመረምሩ ሊቃውንት፥ በግብፅ ምድር ኦክሲሪንከስ በሚባለው ጥንታዊ ከተማ የተገኙትን፥ ከ3ኛው እስከ 5ኛው መቶ ዓመት ባለው ዘመን የተሠሩትንና ዛሬ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የሚገኙትን ቀያይ የሱፍ ካልሲዎች በቀዳሚነት ይጠቅሳሉ። እነዚህ ካልሲዎች በአንድ መርፌ የተሠሩ፥ ከነጠላ ጫማ ጋር እንዲስማሙም አውራ ጣቱ ከቀሩት ጣቶች ተለይቶ የወጣላቸው ናቸው። ሊቃውንቱ በዕድሜያቸውና በጣታቸው ሲደነቁ፥ ይህ ሐተታ የሚደነቅበት ግን ሌላ ነው፤ ካልሲዎቹ ሁለት ናቸው። የግራውን እግር ፈጽሞ ወደ ቀኙ መሻገር በዘመናችን ምን ያህል ብርቅ እንደ ሆነ ካልሲ ጀምራ የምታውቅ ሁሉ ትመሰክራለች።

ከዚያ ወዲህ፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1589፥ ዊልያም ሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሹራብ የሚሠራ መኪና ቢያበጅ፥ ቀዳማዊት ንግሥት ኤልሳቤጥ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ነፍጋዋለች፤ መኪናው ግን ንግሥቲቱን አልጠየቀም፥ ሹራብንም ወሰደ። ኪሮሽ ግን አልተወሰደም፤ የእጅን ኪሮሽ እንደ እጅ አድርጎ የሚሠራ መኪና እስከ ዛሬ ገበያ አልወጣም። በአየርላንድ በ1840ዎቹ የድንች ሰብል ጠፍቶ ሕዝቡ በረኃብ ባለቀ ጊዜ ደናግል መነኮሳት ለድኾች ልጆች ያስተማሩት ይህንኑ የኪሮሽ ዳንቴል ነበር፤ ብዙ ቤተ ሰብም በርሱ ነፍሱን አቆየ።

በአገራችንም የእመቤቲቱ እጅ ባዶ ሆኖ የታየበት ዘመን የለም። ጥጡን በመዳመጫ ዳምጣ፥ በደጋን ነድፋ፥ ባዘቶውን በእንዝርት ስትፈትል የኖረች እናት፥ እንግዳም ሲመጣ፥ ወሬም ሲወራ፥ ልጅም ሲያለቅስ እንዝርቷን ከጭኗ አላራቀችም። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ባልትናንና የእጅ ሥራን በሴት ልጅ ትምህርት ውስጥ ባስገባ ጊዜ፥ ኪሮሽ የእንዝርትን አልጋ ወረሰ፤ ልዩነቱ ከፈትሉ ጋቢ ወጥቶ ባል ሲለብሰው፥ ከኪሮሹ የወጣውን ደግሞ ቴሌቪዥን መልበሱ ነው።

በእንተ ክር ወመርፌ

መሣሪያው ጫፉ የተቈለመመ አንድ መርፌ ነው፤ ሹራብ ቢሆን ሁለት ይሆናል። ክሩ ግን ሰፊ ምዕራፍ ይፈልጋል። የጥልፍና የዳንቴል ክርን በሚያውቁ ዘንድ ዲኤምሲ የሚለው ስም እንደ ማዕርግ ይጠራል፤ ድርጅቱም በ1746 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በሚሉዝ ከተማ የተመሠረተ አንጋፋ ነው። ነገር ግን የክር ዐቢይ ምሥጢር በነጩ ላይ ይገኛል። ሥራው እኩሌታው ላይ ሲደርስ ክሩ ያልቃል፤ መርካቶ ተወርዶ ሌላ ነጭ ይገዛል፤ ነጋዴው «ያው ነጭ ነው» ብሎ ይምላል፤ ቤት ሲደርስ ግን አንዱ ነጭ ከሌላው ነጭ ጋር እንደማይተዋወቅ ይገለጣል። ነጋዴው በሐሰት አልማለም፤ ክር የሚነከረው በየጊዜው በተለያየ ገንዳ ስለ ሆነ፥ የአንዱ ቀን ነጭ ለሌላው ቀን ነጭ የአባት ልጅ እንጂ የእናት ልጅ አይደለምና።

ሁለተኛው ምሥጢር የልኬት ነው። ክብ ዳንቴል ዝርግ ሆኖ ይቀመጥ ዘንድ በየዙሩ የሚጨመረው ዐይን በልክ መሆን አለበት፤ ቢያንስ መኻሉ ይጎደጉዳል፥ ቢበዛ ጠርዙ እንደ ጎመን ቅጠል ይሸበሸባል። ሩሲያዊው ሎባቼቭስኪ በ1829 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ስለዚህ ዓይነቱ ገጽ በጻፈ ጊዜ የዘመኑ ሊቃውንት ሊቀበሉት አልወደዱም ነበር፤ በ1997 ግን ዳይና ታይሚና የምትባል የሒሳብ መምህርት በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ፥ በየረድፉ ዐይን በማብዛት ያንኑ ገጽ በኪሮሽ ሠርታ በእጅ እንዲዳሰስ አድርጋለች፤ ስሙም ሃይፐርቦሊክ ይባላል። የኮልፌዋ እመቤት ይህንኑ ገጽ ከእራት በኋላ ሳታስበው ብዙ ጊዜ ደርሳበታለች፤ ነገር ግን «ዐይን በዛብኝ» ብላ ስለምትተረትረው ስሟ ከሎባቼቭስኪ ጋር ሳይጻፍ ቀርቷል።

በእንተ ጅምሮች ክፍል

ያልተፈጸሙ ሥራዎች በሦስት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው በእጅ ያለ ጅምር ነው። ይህ ሕያው ነው፤ ከአቦል እስከ በረካ አብሮ ይቀመጣል፥ ወደ ጎረቤትም በከረጢት ሆኖ ይሄዳል። ከቤት ውጭ ግን ወሰን አለው፤ ልቅሶ ቤት አይገባም፥ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጦር ኃይሎች ባቡርም ሰው በሰው ላይ ስለሚጫን አንዲት ሰንሰለት ታህል አያሠራም።

ሁለተኛው የታዘዘ ጅምር ነው፤ ይኸውም ለሚወለድ ሕፃን የሚሠራው ሹራብ፥ ኮፍያና ካልሲ ነው። ለዚህ ሥራ ቀን የቈረጠችለት ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ወንድ በ40፥ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉና። ስለዚህ ሠሪዋ ነፍሰ ጡሯ ሴት ልጅ እንድትወልድ ስትጸልይ የምትሰማው ሴትን ከወንድ አብልጣ ስለምትወድ ብቻ ሳይሆን፥ ሥርዐቱ እጥፍ ጊዜ ስለሚሰጣት ጭምር ነው። ይህም ሆኖ ክርስትናው ሲደርስ ሹራቡ አንድ እጅጌ ይጎድለዋል፤ ሕፃኑም ማደጉን ስለማይጠብቅ ሹራቡ ለተከታዩ ወንድም፥ ከዚያም ለአክስት ልጅ ይታጫል። ሹራቡ በዕድሜ ታላቃቸው እንደ ሆነ ከቤተ ሰቡ ልጆች አንዱም አያውቅም።

ሦስተኛው የአልጋ ልብስ ነው። ይህ ከብዙ አበቦች ተገጣጥሞ የሚወጣ ሲሆን፥ ወርዱ ሁለት ሜትር፥ ቁመቱ ሁለት ሜትር ከአርባ ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ የእያንዳንዱ አበባ ጎንም ዐሥር ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ 480 አበባ ይጠይቃል። በአንድ ምሽት አንድ አበባ ቢሠራ በ480 ምሽት ይፈጸማል የሚል ቢኖር፥ ያ ሰው ባሕረ ሐሳብን አልተማረም፤ ከዚህ በታች ያለውን ያንብብ።

በእንተ በዓላት

ወር በገባ በ12 ሚካኤል፥ በ19 ገብርኤል፥ በ21 ማርያም፥ በ23 ጊዮርጊስ፥ በ27 መድኃኔዓለም፥ በ29 በዓለ እግዚአብሔር ነው። አራት እሑድ ሲጨመር፥ ካልተደራረቡ፥ ዐሥር ቀን ይሆናል። ከሠላሳው ቀን ሃያ ይተርፋል፤ 480ው አበባም ሃያ አራት ወር፥ ማለት ድፍን ሁለት ዓመት ይፈጃል። ጳጉሜን መብራት ለሚጠፋበት ምሽት ተይዛለች። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ 33ቱን የእመቤታችንን በዓላት እንዲከበሩ ባዘዙ ጊዜ ስለ አልጋ ልብስ ያሰቡ አይመስልም።

እዚህ ላይ ግን ጥያቄ ይነሣል። በበዓል መፍተል እንደማይገባ የታወቀ ነው፤ ዳንቴልስ? ፍትሐ ነገሥት ስለ ኪሮሽ አንዳች አልተናገረም። የመጀመሪያዎቹ ወገኖች «ክር ክር ነው፤ እንዝርት ያልተፈቀደለት ቀን ለኪሮሽ አይፈቀድም» ይላሉ፤ እነዚህም በዕድሜ የገፉት፥ በተለይም ወደ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ማልደው የሚሄዱት እማሆዮች ናቸው። ሁለተኞቹ «ዳንቴል ጨዋታ እንጂ ሥራ አይደለም» ብለው ይመልሳሉ። የእነዚህ ትምህርት ድካም ያለበት በዚህ ነው፤ በ27 ጨዋታ የተባለው ያው ዳንቴል፥ በ28 ባል «ምሳ የለም ወይ?» ሲል «ሥራ ይዣለሁ» ተብሎ ይመለስበታልና። ሦስተኞቹ አስታራቂዎች ናቸው፤ «በበዓል መሥራት ክልክል ነው፤ መተርተር ግን ሥራን ማፍረስ እንጂ ሥራ ስላልሆነ ይፈቀዳል» ይላሉ። የአልጋ ልብሱ ከሁለት ዓመት በላይ የመቈየቱ ምክንያት ምናልባት የዚህ ሦስተኛ ትምህርት መስፋፋት ሊሆን ይችላል።

በኮልፌ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አጥር ለአጥር የሚኖር ስለ ሆነ፥ በ27 የማትታገደው ጎረቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ብዙ አበባ ትቀድማለች ተብሎ ይገመት ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ አልሆነም፤ በበዓሉ ቀን ለቡና ስትጠራ ጓደኛዋን እንዳትቀድማት የራሷን ዳንቴል ቤቷ ትታ ትመጣለች፤ ክርስቲያኒቱም በረመዳን ጀበናዋን ሳትጥድ ከእርሷ ጋር ኪሮሽ ብቻ ይዛ ትቀመጣለች። ውድድሩ ከብዙ ዓመት በኋላ አሁንም እኩል ለእኩል ነው።

በእንተ ቴሌቪዥን

በአገራችን ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። በየቤቱ ሲገባም ዳንቴል ከራሱ ላይ ተነጠፈለት፤ ይህም ስለ ምን ቢሉ፥ አቧራ እንዳይነካው ነው። አንድም፥ እንግዳ ሲመጣ የእመቤቲቱ ሙያ እንዲታይ ነው። አንድም፥ የዳንቴሉ ጫፍ በመስተዋቱ ላይ ወርዶ ከዜናው እኩሌታውን ስለሚሸፍን፥ ለቤተ ሰቡ ሰላም ነው።

ይህ ሥርዐት ብዙ ዘመን ጸንቶ ከኖረ በኋላ ቀጭኑ ፍላት ስክሪን መጣ፤ ራሱም እንደ ሰይፍ ስል ስለ ሆነ ዳንቴል የሚቀመጥበት ስፍራ አጣ። ያን ጊዜ ዳንቴል ተሰደደ፤ ከፊሉ ወደ ፍሪጅ፥ ከፊሉ ወደ ሪሲቨሩ፥ ከፊሉም ወደ ሶፋው ክንድና መደገፊያ ሄደ። ሪሲቨሩ ከሙቀት የተነሣ መታፈኑን በመጥፋት ቢያስታውቅም፥ እስከ ዛሬ የተነሣለት የለም።

ፍጻሜ ነገር

እንግዲህ ሥራው ለምን አይፈጸምም? በዚሁ ክፍለ ከተማ፥ በዘነበ ወርቅ በአለርት ግቢ፥ የሥጋ ደዌ ያገኛቸው ሰዎች በጥልፍ ሥራ ሲተዳደሩ ኖረዋል፤ ሸማኔውም ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ድሩን ከማጉ ሲያገናኝ ይውላል። እነዚህ ይፈጽማሉ፤ ዋጋው የሚገኘው ከፍጻሜው ነውና። የኮልፌዋ እመቤት ዋጋ ግን ከፍጻሜው አይገኝም። ጎረቤቷ «አንቺ፥ ይህን ነገር አልጨረስሽውም እንዴ?» ስትላት፥ «ጊዜ የት አለና እቴ!» ብላ ትመልሳለች፤ ይህንንም የምትለው ሦስተኛውን ስኒ ይዛ፥ ከተቀመጠች ብዙ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ቃሏ ሐሰት የለበትም። ባዶ እጇን ብትቀመጥ አንዱ ውኃ ያስቀዳታል፥ ሌላው ሸሚዝ ያስተኩሳታል፥ ሁሉም ሥራ ፈት ይላታል፤ ኪሮሽ በእጇ ሳለ ግን ሥራ ላይ ናት፥ ተቀምጣም ሳለ ማንም አያስነሣትም። ዳንቴሉ የመቀመጥ ፈቃድ ነው፤ የተፈጸመ ዕለት ፈቃዱ ያበቃል። ባሏ ጋዜጣ ዘርግቶ ሲቀመጥ፥ ዳማ ሲጫወት፥ ኳስ ሲያይ፥ «ምን ሠራህ? መቼስ ትጨርሳለህ?» ያለው ስለሌለ፥ እርሱ ኪሮሽ አላስፈለገውም።

ስለዚህ ሐተታው የሚከተለውን ይወስናል። አንደኛ፥ «መቼ ይጨረሳል?» የሚለው ጥያቄ ከዛሬ ጀምሮ ከቡና ላይ ይነሣ። ሁለተኛ፥ በማናቸውም አደጋ አንድ የአልጋ ልብስ የተፈጸመበት ቤት ቢኖር፥ ሳምንት ሳይሞላ ዙሪያው ዘርፍ እንዲጨመርለት ይደረግ። ሦስተኛ፥ ክር ያለቀ እንደ ሆነ ባል ራሱ መርካቶ ወርዶ ይግዛ፤ ከነጮቹም የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ ስለማይቻለው፥ ያገኘውን ነጭ ሁሉ ይዞ ይምጣ።